ኔቱን ከቤት ይዞ መግባት፦ ኦንላይን ቴክኖሎጂን ክፍል ውስጥ ለሚጀምር መምህር የአሠራር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ሰኞ ከሰዓት፣ ሐዋሳ ውስጥ 64 ተማሪ ፊት ቆሜ የስልኬን ሆትስፖት ከፈትኩ። ላፕቶፑን አገናኘሁ፣ ፕሮጀክተሩን አበራሁ፣ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስረዳ የዩቲዩብ ቪዲዮ ተጫንኩ። ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ 12 ደቂቃ በላች። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ የዛሬው ርዕስ ሰርኩላር ሞሽን ነው እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቪዲዮው ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ ኔት ጠብቄ አላውቅም፤ ከቤት ይዤው ነው የምገባው። ይህን የጻፍኩት እንደኔ ላለ መምህር ነው፦ ክፍሉ የተጨናነቀ፣ ፕሮጀክተሩ ለሁሉም ዲፓርትመንት አንድ ወይም ሁለት፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ መብራቱ እንደ ፈቃዱ። ምሳሌዎቼ ከፊዚክስ ናቸው፤ አካሄዱ ግን ለሌላውም ይሆናል።

1. አንድ ርዕስ ብቻ ምረጡ

ሥልጠና ወስደን የተመለስን ሰሞን ሁሉንም ነገር በስላይድ ካላደረግን እንላለን። የመጽሐፉን ገጽ ፓወርፖይንት ላይ ለጥፎ ማሳየት ግን ጠመኔውን በመብራት መተካት ብቻ ነው። ተማሪው ያኔም ይገለብጥ ነበር፣ አሁንም ይገለብጣል።

ዓመታዊ ዕቅዳችሁን አውጡና በየዓመቱ የምትደክሙበትን፣ በየዓመቱ የማይገባቸውን አንድ ርዕስ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ በዓይን የማይታይ፣ የሚንቀሳቀስ ወይም ላብራቶሪው ውስጥ ዕቃው የሌለ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የኔ ከረንት ነበር። ሁለት አምፖል በአንድ መስመር ተከታትለው ሲገናኙ፣ ልጆቹ «የመጀመሪያው አምፖል ኮረንቲውን ይበላና ለሁለተኛው ትርፍራፊው ይደርሰዋል» ብለው ያምናሉ። ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳልኩ ስንት ዓመት ተሟገትኩ! ለፈተና «እኩል ነው» ብለው ይጽፉልኛል፤ ከልባቸው ግን አይደለም።

የጂኦግራፊ ባልደረባዬ የመረጠው ሌላ ነበር። ጉግል ኧርዝ ፕሮ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን የድሮ የሳተላይት ምስሎችን በየዓመታቸው ያሳያል። የሐዋሳን ዳርቻ፣ የጨለለቃን ረግረግና የጥቁር ውሃን መስመር በተለያየ ዓመት ስክሪንሾት አንስቶ በፍላሽ ይዞ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ኔት አልነበረም፤ አላስፈለገውምም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ መጀመሪያ ባዶ ሜዳ፣ ቀጥሎ የሼድ መደዳ ሆኖ ሲታይ፣ እህቶቻቸው እዚያ የሚሠሩ ልጆች ተነስተው ሰሌዳው ድረስ ሄዱ አሉ። ሌላ ምንም አላደረገም፣ ስድስት ፎቶ ነው ያሳየው።

2. ተማሪው እጅ ያለውን እወቁ

«ስማርት ስልክ ያለው እጁን ያውጣ» አትበሉ። የሌለው ያፍራል፣ አንዳንዱም ሳይኖረው ያወጣል። ቁራጭ ወረቀት አድሉና ስም ሳይጽፉ ከአራቱ አንዱን ይምረጡ፦ የራሴ ስማርት ስልክ አለኝ፤ ማታ የቤተሰብ እጠቀማለሁ፤ ቤታችን ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ምንም የለም። እኔ ክፍል የራሱ ያለው ከሲሶ በታች ሆነ፤ እኔ ግን በየቀኑ ስልክ ሲነካኩ የማያቸውን ይዤ «ሁሉም አላቸው» ብዬ ነበር የማስበው። ይህ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ይወስናል።

በብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ተከልክሏል። ክልከላውን በጓሮ በር ለመዞር አትሞክሩ። ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገው የእናንተ ላፕቶፕ ብቻ እንዲሆን አቅዱ፤ ስልክ የቤት ጉዳይ ይሁን።

3. ዋይፋይ ያለበት ቦታ ተቀምጣችሁ አውርዱ

እኔ ዓርብ ከሥራ በኋላ ፒያሳ አካባቢ ዋይፋይ ያለው ካፌ እገባለሁ። አንድ ማኪያቶ፣ አንድ ሰዓት። ቤት ሆኖ የሌሊት ፓኬጅ መግዛትም ያዋጣል። ከመቀመጣችሁ በፊት የምትፈልጉትን በወረቀት ጻፉ፤ አለዚያ ሰዓቱ ዩቲዩብ ላይ ሲንከራተት ያልቃል። ከልምድ ነው የምናገረው።

ለሳይንስና ለሒሳብ መምህር የመጀመሪያው ማረፊያ ፌት ነው። በእንግሊዝኛ PhET ተብሎ የሚጻፍ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ነፃ የሲሙሌሽን፣ ማለትም ስክሪን ላይ እየነካኩ የሚሠሩት የማስመሰያ ሙከራ፣ ስብስብ ነው። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. መሠረተው። እያንዳንዱ ሲሙሌሽን የማውረጃ ምልክት አለው። ስትጫኑት የሚወርደው አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ነው፤ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ። ከዚያ በኋላ ያለ ኔት በክሮም ይከፈታል። ወርዶ እንዳለቀ ዋይፋዩን አጥፉና ክፈቱት። ከተከፈተ የእናንተ ነው። ካልተከፈተ ያወረዳችሁት ሲሙሌሽኑን ሳይሆን የድረ ገጹን ሊንክ ነው፤ ይህ ስህተት ብዙ ሰው ይገጥመዋል። ስልክ ላይ ነጭ ገጽ ብቻ ካሳየ «በምን ይከፈት» ሲላችሁ ክሮምን ምረጡ።

ለሒሳብ ጂኦጀብራ አለ፤ አፑ አንዴ ከተጫነ ያለ ኔት ይሠራል። ለንባብ ደግሞ ኪዊክስ፦ ዊኪፒዲያን ጠቅልሎ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ የሚያስቀምጥ አፕ ነው። የእንግሊዝኛው ሙሉ ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ እሱን አትንኩት። ፊዚክስ ብቻ ተመርጦ የተዘጋጀ ጥቅል አለ፣ ለሌላውም ትምህርት እንዲሁ።

ቪዲዮ ካስፈለገ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ በ360 ጥራት። ከኋላ ወንበር ላለ ተማሪ ከ720 ጋር ልዩነቱ ብዙም አይታየውም። በክረምት መግቢያ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ የላፕቶፕ ስፒከር ማንም አይሰማውም። ሲሙሌሽን የምወደው ለዚህም ነው፤ ድምፅ አያስፈልገውም፣ የሚናገሩት እናንተ ናችሁ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ያስተማረ ሰው ይህን ያውቃል፦ ቴሌቪዥኑ በራሱ ፍጥነት፣ በራሱ እንግሊዝኛ ይሮጣል፤ መምህሩ ጥግ ይቆማል፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ያያል። ማቆሚያ አልነበረውም። ሲሙሌሽኑን ግን አቁሜ በአማርኛ እጠይቃለሁ፤ ያልገባውን ጓደኛው በሲዳምኛ ያስረዳዋል፤ ከዚያ እንቀጥላለን።

4. ዕቃውን ከአንድ ቀን በፊት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሞክሩ

ስታፍ ሩም ውስጥ መሞከር አይቆጠርም።

ሶኬቱ መሥራቱን በስልክ ቻርጀር ፈትኑ። ከሰሌዳው ስንት ሜትር እንደሚርቅ እዩ፤ ዲቫይደራችሁ አጭር ከሆነ የሆነ ተማሪ እግር ገመዱን ይጠልፈዋል፣ ፕሮጀክተሩም መሬት ይወርዳል። ፕሮጀክተሩ አሮጌ ከሆነ መግቢያው ባለ ሰማያዊ ጫፍ ቪጂኤ ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለው ኤችዲኤምአይ ነው። ማገናኛዋ ትንሽ ናት፣ ከትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሁልጊዜ የምትጠፋውም እሷ ናት። የራሳችሁን ገዝታችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ። ተገናኝቶ ምስል ካልመጣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «ፒ»ን ተጫኑና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጡ።

ብርሃኑ ሌላ ራስ ምታት ነው። ከሰዓት ፈረቃ ፀሐይ በምዕራብ መስኮት ስትገባ ግድግዳው ላይ ምንም አይታይም። መጋረጃ የለንም፤ እኔ ሁለት የአልጋ አንሶላ በምስማር ሰቅዬ ነው የማስተምረው። ፕሮጀክተሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አታብሩ፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ለመጻፊያም ታጡታላችሁ። ጎኑ ያለው ነጭ ግድግዳ ይሻላል።

ከዚያ ደግሞ መብራት የሄደ እንደሆነ ምን እንደምታደርጉ ጻፉ። ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ይሞታል። የኔ መጠባበቂያ እንዲህ ነው፦ አንዱ ቡድን ላፕቶፑን ከቦ ሲሠራ ሌላው እኔ ይዤው የመጣሁትን የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና የእጅ ባትሪ አምፖል ያገናኛል፣ በ10 ደቂቃ ይቀያየራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ መብራት የጠፋበት ክፍለ ጊዜ ካልጠፋበት የተሻለ የሆነበት ቀን አለ።

ፕሮጀክተሩ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) በስማችሁ ወጪ ከሆነ ስትረከቡ አብርታችሁ ተረከቡ፣ ስትመልሱም አብርታችሁ አስረክቡ። መብራቱ የተቃጠለው ከእናንተ በፊት እንደነበር በኋላ ማስረዳት አይቻልም።

5. ክፍለ ጊዜውን እንዲህ ምሩት

ስትገቡ ላፕቶፑ በርቶ፣ ሲሙሌሽኑ ተከፍቶ ይሁን፤ ግን ግድግዳው ላይ አይታይ። የፕሮጀክተሩን አፍ በደብተር ሸፍኑት።

ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ ባትሪና ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች ተከታትለው ሣልኩ። ጥያቄው፦ የትኛው ይበልጥ ይበራል? ሀ) የመጀመሪያው፣ ለ) ሁለተኛው፣ ሐ) እኩል። ማንም አይናገርም፤ እያንዳንዱ ደብተሩ ላይ አንድ ፊደል ይጽፋል። ይህን አትዝለሉት። በቃል ከጠየቃችሁ ሰቃዩ ይመልሳል፣ ሌላው ይከተለዋል። የጻፈ ተማሪ ግን የሚከራከርበት ነገር አለው። ከዚያ እጅ አስወጥታችሁ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። እኔ ጋ «ሀ» በሰፊው አሸነፈ።

አሁን ደብተሩን አንሱ። የፌት የሰርኪት መሥሪያ ላይ ባትሪው ሳትነኩት 9 ቮልት ነው፣ አምፖሉ 10 ኦም። መጀመሪያ አንድ አምፖል ብቻ አገናኙ፤ አሜትሩ (የከረንት መለኪያው) 0.90 አምፒር ያሳያል። ሰማያዊ ነጠብጣቦች ሽቦው ውስጥ ይሄዳሉ። ከዚያ ሁለተኛውን አምፖል እንዲጨምር ተማሪ ጥሩ፤ እናንተ ከላፕቶፑ ራቁ። ፊት ለፊት የሚሽቀዳደሙት ሁሌም እነዚያው ሦስት ወንዶች ስለሆኑ ከዝርዝሩ ላይ ስም ጠርቼ ነው የማስወጣው። አንዴ የጠራኋት ልጅ ላፕቶፕ ነክታ አታውቅም ነበር። ታችፓዱን በሙሉ መዳፏ፣ ምጣድ እንደምታሰስ አድርጋ ጠራረገችው። ቀስቱ ስክሪኑን ዳር ለዳር ዞረ። ማንም ሳይስቅባት «በአንድ ጣት» አልኳት፤ በሦስተኛው ሙከራ አምፖሉን ይዛ ሽቦው ላይ አሳረፈችው።

ሁለቱም አምፖሎች እኩል ደበዘዙ። አሜትሩን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት አስቀመጥን፦ 0.45። በሁለቱ መሃል፦ 0.45። ከሁለተኛው በኋላ፦ 0.45። ክፍሉ ዝም አለ። ቀጥሎ አንድ ልጅ «ታዲያ አምፖሉ የሚበላው ምኑን ነው?» አለ። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት እኔ ስጠይቅ ማንም ግድ አልሰጠውም፤ ከእነሱ ሲወጣ ግን 15 ደቂቃ ተከራከርንበት። ኤነርጂ የሚለውን ቃል የጻፍኩት እነሱ ካሉት በኋላ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሽቦ ከባትሪው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው በቀጥታ አገናኙ። ስክሪኑ ላይ ባትሪው በእሳት ይያያዛል። ጩኸቱ ዩኒት ሊደሩን ይጠራልና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «ኮንታክት አደረገ» የሚሉት ይህ መሆኑን፣ ቤት ውስጥ ባለው 220 ቮልት ላይ ፈጽሞ እንደማይሞከር እዚያው ተናገሩ።

ሲሙሌሽኑ የሚዋሸውንም ንገሯቸው። እዚያ ላይ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሲሮጡ ይታያሉ፤ በእውነተኛ ሽቦ ውስጥ ግን ወደፊት የሚጓዙት በሰከንድ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው፣ ጉንዳኗም ትቀድማቸዋለች። ስለዚህ ነው ከስክሪኑ በኋላ እውነተኛውን ባትሪና አምፖል የማስነካቸው። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለደብተር ናቸው፦ የጻፍከው ፊደል ትክክል ነበር? ካልሆነ ምን አሳመነህ? በሁለት መስመር።

6. ከክፍል በኋላ ቴሌግራም

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁላችንም ግሩፕ ከፈትን። የኔ ግሩፕ በሳምንቱ በስቲከር ተሞላ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቀልድ ይላካል፣ የማላውቃቸው ሰዎች ገብተው ለሴት ተማሪዎቼ በግል መጻፍ ጀመሩ። ዘጋሁት። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። ቻናል ላይ ተመዝጋቢዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም፣ የሚለጥፉት እናንተ ብቻ ናችሁ። ልጆቹም በሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥራቸውን «ማንም አይይ» እንዲያደርጉ፣ ፋይል በራሱ የሚወርድበትን እንዲያጠፉ በመጀመሪያው ቀን አሳዩአቸው። ሁለተኛው የቤተሰቡን ካርድ ያተርፋል።

የምለጥፈው ጥቂት ነው፦ የሰሌዳው ፎቶ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ድምፅ፣ የሲሙሌሽኑ ፋይል፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ አንድ ኩዊዝ። ለኩዊዙ አዲስ ፖል ስትከፍቱ የኩዊዝ አማራጩን አብሩ፣ ትክክለኛውን መልስ ምልክት አድርጉ፣ ማብራሪያም ጨምሩ፤ ማብራሪያው ከ200 ፊደል አይበልጥም። ቻናል ላይ ማን ምን እንደመለሰ አይታይም፣ በመቶኛ ብቻ ነው የሚወጣው። ለኔ ይበቃኛል፤ ግማሹ ከሳተ ዓርብ ጠዋት መልሼ አስተምራለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፦ ቻናል ላይ ለተሠራ ነገር ማርክ አልሰጥም። ስልክ የሌለው ልጅ በድህነቱ ነጥብ ሊቀነስበት ነው። ያንኑ ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ክፍሉ በር ላይ እለጥፋለሁ፤ ፋይሉን ደግሞ ስልክ ያለው ለጎረቤቱ በዜንደር ያሻግርለታል፣ ያለ ዳታ።

7. ኮምፒውተር ላይ መፈተን

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኦንላይን ተሰጥቷል። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፊዚክሱን እያወቀ ሰዓት ሊያልቅበት ይችላል። አይሲቲ ክፍላችሁ ኔት ካለው በጉግል ፎርምስ 10 ምርጫ ጥያቄ አዘጋጁ፣ በሴቲንጉ «ኩዊዝ» አድርጉት፣ ራሱ ያርማል። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ በቡድን አስገቡአቸው። ዓላማው ለእጃቸው ልምምድ ነው እንጂ ማርክ አይደለም።

ኤአይን በተመለከተ፦ ልጆቹ እናንተ ፈቀዳችሁም አልፈቀዳችሁም ይጠቀሙበታል። የቤት ሥራ በ12 ደብተር ላይ አንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ሆኖ ሲመጣልኝ የቤት ሥራውን ቀየርኩት፤ አሁን ጽፈው ያመጡትን ሁለት ሦስቱ ሰሌዳ ላይ ወጥተው ያስረዳሉ። እኔ ራሴ ጥያቄ ለማዘጋጀት እጠቀምበታለሁ፣ ስሌቱን ግን አንድ በአንድ እሠራዋለሁ። በሙሉ ልብ የተሳሳተ መልስ ሰጥቶኝ ያውቃል።

8. ለባልደረባችሁ አካፍሉ፣ ፍላሹን ግን ፈትሹ

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በትምህርት ዕቅዱ ጀርባ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ። በሚቀጥለው ዓመት ይህ ወረቀት ከማንኛውም የሥልጠና ሰነድ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ፋይሎቹን በምዕራፍ ከፋፍላችሁ አንድ ፍላሽ ላይ አድርጉ፤ ግልባጩ ላፕቶፑ ላይ ይቅር። ስታፍ ሩም ውስጥ የሚዞር ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ሳይዝ አይመለስምና፣ ሲመለስ ስካን ሳታደርጉ አትክፈቱት።

የኔ ፍላሽ ከሰኔ ጀምሮ የሒሳብ መምህሩ ጋ ነው። «ነገ አመጣዋለሁ» እንዳለኝ አለ።